ጓዝ የጠበቀው ሰው ድርሻ፤ ባል ወይም ሚስት በተመረቁ ጊዜ ስለሚገባው ደስታ የተጻፈ ምክር

ውድ አንባቢ ሆይ፤ በቋንቋችን አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲያመለክት ብዙ ጊዜ ታያለህ፤ ከእነዚህም አንዱ ምረቃ የሚለው ቃል ነው። ሽማግሌ ከማዕድ በኋላ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ለቤቱ መልካም ቃል በተናገረ ጊዜ «መረቀ» እንላለን፤ ተማሪም ትምህርቱን ፈጽሞ የምስክር ወረቀቱን በተቀበለ ጊዜ «ተመረቀ» እንላለን። እንግዲህ ትምህርትን መፈጸም በረከትን መቀበል እንደ ሆነ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። በረከት ከሆነ ደግሞ የተቀበለው ሰው ብቻውን ሊይዘው አይገባም፤ ወደ ሌላው ያልፈሰሰ በረከት እንደ ቆመ ውኃ ነውና።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ልነግርህ የምወደው ስለ ማናቸውም ምረቃ አይደለም። ወላጅ የልጁን ምረቃ ማክበር ያውቅበታል፤ እናት የልጅዋን ካባ ለብሳ ቆቡንም ደፍታ ፎቶግራፍ ስትነሣ ማን አላየም? ነገር ግን ባል ያላት ሴት ወይም ሚስት ያለው ወንድ፥ ቤትና ልጆች ሳሉ፥ ብዙ ዓመት ተምሮ ሐኪም ወይም የሕግ ባለሙያ ወይም መሐንዲስ ሆኖ በተመረቀ ጊዜ፥ በቤት የቀረው የትዳር ጓደኛ ያን ቀን እንዴት ሊያከብረው እንደሚገባ የሚያስተምር ሰው ጥቂት ነው። እኔ ሳልማረው ተሳሳትሁ፤ አንተ እንዳትሳሳት እጽፍልሃለሁ።

1. ስለ ትምህርቱ ዋጋ

ከሁሉ አስቀድመህ ዋጋውን አስብ። በሀገራችን የሕግ ትምህርት 5 ዓመት ይፈጃል፤ የሕክምና ትምህርት ደግሞ 6 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። የሕክምና ተማሪ በመጨረሻው ዓመት ኢንተርን ተብሎ በሆስፒታል እያገለገለ ይማራል፤ ቀን ሲሠራ ውሎ ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ ያድራል፤ ሌላው ሰው በሚያንቀላፋበት ሰዓት ምጥ የያዛትን ሴት ወይም በመኪና አደጋ የተጐዳውን ጐልማሳ ይቀበላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም በሀገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኖበታል፤ ስለዚህ የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ፈተና ፊት ይቆማል።

ይህ ሁሉ በሚማረው ሰው ላይ የሚወድቅ ሸክም ነው። ነገር ግን በምስክር ወረቀቱ ላይ የማይጻፍ ሌላ ሸክም አለ። የቤት ኪራይ የሚከፍል፥ ልጅ ሲያተኵሰው ሌሊት የሚነቃ፥ በወላጆች ስብሰባ ላይ ብቻውን የሚቀመጥ፥ ለቅሶ ቤት ስለ ሁለት ሰው የሚደርስ፥ የእቁብ ዕጣው በደረሰው ጊዜም ለራሱ ጫማ ሳይገዛ ለትምህርት የሚልክ ሰው በቤት አለ። እርሱ በሌለበት ሌላው ሊማር አይችልም ነበር።

የሀገራችን የጤና ትምህርት ታሪክም ይህን ያስተምረናል። በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፥ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በተከፈተ ጊዜ፥ ጤና መኮንኑን፥ ነርሷንና የአካባቢን ንጽሕና የሚጠብቀውን ሳኒታሪያን በአንድነት አሠልጥኖ በአንድነት ወደ ገጠር ይልካቸው ነበር። አንዱ በሽተኛውን ሲመረምር ሌላይቱ እናቶችንና ሕፃናትን ትጠብቃለች፤ ሦስተኛውም የምንጩን ውኃና የመጸዳጃውን ጕድጓድ ይመለከታል። ምንጩ ካልተጠበቀ የመኮንኑ መድኃኒት ለዛሬ ብቻ ይሆናልና። ቤትም እንደዚሁ ነው፤ አንዱ ሲማር ሌላው ምንጩን ይጠብቃል።

ደግሞም በምረቃ ቀን አጠገብ የሚቆም የራስ ሰው ማግኘት እንዴት ያለ ጸጋ እንደ ሆነ ታውቅ ዘንድ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን አስብ። ገና ልጅ ሳሉ፥ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1868 የእንግሊዝ ጦር መኰንኖች ወደ ህንድ ወሰዷቸው፤ በዚያም አድገው በ1882 በላሆር የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ዘመናዊ ሕክምና ተምረው ከተመረቁት ኢትዮጵያውያን ቀዳሚው ናቸው። ነገር ግን ወገኖቻቸውን ያገኙት ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ ኢትዮጵያ በመጡ ጊዜ ነው። እንግዲህ በተመረቁ ጊዜ እልል የምትል አያት፥ «እንኳን ደስ አለህ» የሚል ዘመድ ከአጠገባቸው አልነበረም። አንተ ግን በምረቃው ቀን ከትዳር ጓደኛህ አጠገብ መቆም ተሰጥቶሃል፤ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትቍጠረው።

2. ዳዊት ስለ ፈረደው ፍርድ

በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል በ30ኛው ምዕራፍ አንድ ታሪክ አለ። ዳዊት 600 ሰዎች ይዞ ጠላቶቹን ሲከተል 200ው ስለ ደከሙ ወንዙን መሻገር ተሳናቸው፤ ከጓዙም ዘንድ ቀሩ። 400ው ተሻግረው ድል አደረጉ፤ ብዙ ምርኮ ይዘው ተመለሱ። በዚያን ጊዜ ከሄዱት መካከል ክፉዎቹ፥ የቀሩት ሰዎች ቤተ ሰባቸውን ይዘው ከመሄድ በቀር ከምርኮው ምንም እንዳይካፈሉ ተከራከሩ። ዳዊት ግን ድሉ የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆነ አስታወሳቸው፤ የተዋጋውም ጓዝ የጠበቀውም እኩል እንዲካፈሉ ፈረደ፤ ይህም በሕዝቡ መካከል ሕግ ሆኖ ጸና።

ይህን ክፍል እኔ ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ። ነገር ግን መስበክና ማስተዋል ሁለት ነገሮች እንደ ሆኑ ባለቤቴ በተመረቀች ጊዜ ተማርሁ።

3. በእኔ ቤት ስለ ሆነው ነገር

እኔ ወንጌል በመስበክ የማገለግል ሰው ነኝ። ባለቤቴ ነርስ ነበረች። በምትሠራበት ጤና ጣቢያ ምጥ የጸናባት ሴት በመጣች ጊዜ ወደ ሩቅ ሆስፒታል ከመላክ በቀር ብዙ ማድረግ አይቻልም ነበርና፥ አንድ ቀን አንዲት እናት በመንገድ ሳለች በእጅዋ ላይ ሞተችባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪም ለመሆን ቈረጠች። በ2009 ዓ.ም. ተፈትና አለፈች፤ ትምህርት ቤቱም ከምንኖርበት ከተማ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነበር። በዚያን ጊዜ ሦስት ልጆች ነበሩን፤ ታናሹ ገና የ1 ዓመት ሕፃን ነበር።

«ልጆቹን ማን ይጠብቃቸዋል?» ብለን በተጨነቅን ጊዜ አማቴ አንዲት ትንሽ ጓዝ ይዘው ከገጠር መጡ። ለአንድ ክረምት የመጡ መስሏቸው ነበር፤ 6 ዓመት ተቀመጡ። በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በኮሮና ሕመም ምክንያት በሀገሩ ሁሉ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ባለቤቴም መጥታ ጥቂት ወራት ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ታናሹ ልጅ ሊለምዳት ሲጀምር ትምህርቱ ተከፈተ፤ ተመልሳም ሄደች። ከዚያም በኋላ ልጁ አያቱን «እማዬ» ይላቸው ነበር፤ እናቱን ግን በስምዋ ይጠራት ነበር።

እኔም በእነዚያ ዓመታት ሥራ አልፈታሁም። ሽሮ መሥራት ተማርሁ፤ የልጆቹን ልብስ አጠብሁ፤ ከደመወዜ እኩሌታውን እልክላት ነበር። አንዳንድ ሰዎች ግን «ዶክተር ስትሆን ትታው ትሄዳለች፤ ምን አደከመው?» እያሉ ያሙኝ እንደ ነበር ሰማሁ። ወንድሜ ሆይ፥ ጥፋቴ የጀመረው በዚህ ነው። ሐሜቱን በትዕግሥት ማሳለፍ ሲገባኝ በልቤ አኖርሁት፤ «የተመረቀች ቀን አሳያቸዋለሁ» እልም ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የምረቃዋ ቀን ቀረበ። ባለቤቴ በስልክ «ትልቅ ድግስ አልፈልግም፤ ከእናቴና ከልጆቼ ጋር በአንድ መሶብ መብላት፥ ከዚያም እስክጠግብ መተኛት ብቻ ነው የምፈልገው» አለችኝ። እኔም «እሺ» አልሁ፤ ነገር ግን ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንሁ። ከሦስት ሰዎች 60,000 ብር ተበደርሁ፤ ከእድር ድንኳንና ወንበር አመጣሁ፤ በጎች አሳረድሁ፤ 150 ሰው ጠራሁ፤ ያሙኝንም ሰዎች በፊተኛው ወንበር ለማስቀመጥ አሰብሁ።

ወደ ምረቃው በሄድን ጊዜ ወዳጆቼን በመኪናው ስላሳፈርሁ ስፍራ ጠበበ። አማቴን «እርስዎ ድግሱን ይመልከቱልን» ብዬ ከታናሹ ልጅ ጋር በቤት አስቀረኋቸው። እሳቸውም «እሺ ልጄ፥ በሰላም ግቡ» አሉኝ እንጂ ሌላ ቃል አልተናገሩም። በአዳራሹም አዲሶቹ ሐኪሞች ቆመው የሙያቸውን ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ እኔ ፎቶግራፍ የማነሣበትን ስፍራ ስፈልግ ቃሉን ሳልሰማው አለፈ።

በማግሥቱ በቤታችን ድግሱ ተደረገ። ሰው ሁሉ ያያት ዘንድ ባለቤቴን ካባዋን እንድትለብስ ለመንኋት፤ እርስዋም እንዳታሳዝነኝ ብላ ለበሰች። እኔም ተነሥቼ ንግግር አደረግሁ። ስንት ብር እንደ ላክሁ፥ ስንት ሌሊት እንዳልተኛሁ፥ ሰዎችም እንዴት እንዳሙኝ ተናገርሁ። የዳዊትን ፍርድ እንኳ ጠቀስሁ፤ ጓዝ ጠባቂው እኔ ነኝ ለማለት ነበር። እንግዶቹም አጨበጨቡ። ንግግሬን ፈጽሜ ዘወር ባልሁ ጊዜ ግን ባለቤቴ በወንበርዋ ላይ አልነበረችም።

ብፈልጋት ከቤቱ በስተ ኋላ በማድ ቤት አገኘኋት። አማቴ በጉልቻው አጠገብ ወጥ ያማስሉ ነበር፤ ከጧት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሱ በኋላ ሰማሁ። ባለቤቴ ካባዋን አውልቃ በእናትዋ ትከሻ ላይ አደረገችው፤ ቆቡንም በሻሻቸው ላይ ደፋችላቸው። እሳቸውም «ተይ ልጄ፥ ጭስ ይነካዋል፤ የኪራይ ልብስ ነው» ይሉ ነበር። ታናሹ ልጅ የአያቱን ቀሚስ ይዞ ቆሞ ነበር፤ እናቱ እጅዋን ብትዘረጋለት ከአያቱ ኋላ ተሸሸገ።

በዚያች ሌሊት እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ አለቀሰች። «ዛሬ ሰው ሁሉ ዶክተር አለኝ፤ ልጄ ግን እማዬ አላለኝም። አንተም የላክኸውን ብር ቈጠርህ፤ እናቴን ግን አልቈጠርሃትም» አለችኝ። በቍጣ አልተናገረችም፤ በድካም ነው እንጂ። እኔም የምመልሰው ቃል አልነበረኝም።

ሲነጋ ወደ አማቴ ሄጄ በጉልበታቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁ። እሳቸውም አነሡኝና «ልጄ፥ እኔ ጭብጨባ አልፈለግሁም፤ ልጄ በሰው ፊት ስትምል ባያት ግን ደስ ባለኝ ነበር» አሉኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ድረስ በልቤ አለ፤ ያ ቀን ተመልሶ አይመጣምና። የተበደርሁትን 60,000 ብር በየወሩ 4,000 ብር እየከፈልሁ በ15 ወር ጨረስሁት፤ ያን ሌላውን ዕዳ ግን የምከፍልበት ገንዘብ የለም።

4. እንግዲህ ምን ታደርግ ዘንድ ይገባሃል?

አንደኛ፤ ደስታውን ለተመረቀው ሰው አድርግ፤ ለሐሜተኞችህ አታድርገው። የትዳር ጓደኛህ ምን እንደሚወድ ጠይቅ፤ የነገረህንም ፈጽም። ብዙ ዓመት እንቅልፍ ያጣ ሰው ከድግስ ይልቅ ዕረፍትን ሊመርጥ ይችላል። ያማህን ሰው ለማሳፈር የተደገሰ ድግስ ስሙ ደስታ ቢሆንም ሥሩ ቂም ነው፤ እንግዳ ባያውቀው የቤት ሰው ያውቀዋል።

ሁለተኛ፤ እንደ አቅምህ ደግስ። አንድ ዳቦ ተቈርሶ፥ ቡና ተፈልቶ፥ ጎረቤት ተጠርቶ ምስጋና ቢደረግ ምረቃው አይጐድልም። ብዙ ዓመት በዕዳና በቍጠባ የኖረ ቤት ከምረቃው ማግሥት ሌላ ዕዳ ቢጀምር የደከመበትን ዕረፍት በገዛ እጁ ያርቀዋል። እኔ ለ15 ወር የከፈልሁት ገንዘብ ለአማቴ መኝታ፥ ለልጆቼም መጽሐፍ ሊሆን ይችል ነበር። ገንዘብ ካለህ ደግስ፤ ከሌለህ ግን በተበደርኸው ሥጋ ክብርን አትግዛ።

ሦስተኛ፤ የደከሙትን ሁሉ በስማቸው ጥራ፤ ራስህን በመጨረሻ አስቀምጥ። ጓዝ ጠባቂው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ልጆቹን ያሳደገች አያት፥ በቤትህ የምታገለግል ልጅ፥ ብር ያበደረ ወንድም፥ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያመጣ ጎረቤት፥ እናታቸው በሌለችበት ታናናሾቹን ያበላች ታላቅ እኅት፥ እነዚህ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ከምረቃው በፊት በነበረው ምሽት ተቀምጠህ ስማቸውን በወረቀት ጻፍ። በመኪናው ውስጥ ስፍራ ቢጠብ እነርሱን አስቀድመህ አሳፍር፤ ወዳጆችህ በአውቶቡስ ይምጡ። በማድ ቤት ያለችውንም ሴት ጠርተህ ከተመረቀው አጠገብ አስቀምጣት፤ ወጡን ሌላ ሰው ያማስለው።

አራተኛ፤ ያደረግኸውን አትቍጠር፥ በተሰጠውም ክብር አትቅና። ሚስትህ ዶክተር ስትባል አንተ በቀድሞው ስምህ ብትጠራ ምን ይጐድልሃል? ደመወዝዋ ከአንተ ደመወዝ ቢበልጥ ወደ አንድ መሶብ የሚገባ እንጀራ ነው። ደግሞም «እኔ ባልኖር ኖሮ አትማሪም ነበር» የሚል ቃል እውነት ቢሆን እንኳ ከአፍህ አይውጣ፤ ስጦታን ወደ ብድር ይለውጠዋልና። ዳዊት ለጓዝ ጠባቂዎቹ የፈረደላቸው እኩል ድርሻ ነው፤ ሁሉን ውሰዱ አላላቸውም። እኔ የሳትሁት ይህን ነው፤ ድርሻዬን ስጠይቅ የሁሉን ድርሻ ወሰድሁ።

አምስተኛ፤ ከድግሱ በኋላ የሚመጣውን ቀን አስብ። ብዙ ዓመት ተለያይተው የኖሩ ባልና ሚስት አንድ ቤት መኖርን እንደ ገና ይማራሉ። እርስዋ በሌለችበት የተሠራውን የቤት ሥርዓት በአንድ ቀን ልትለውጠው አይገባትም፤ አንተም እንደ እንግዳ አታድርጋት። ባለቤቴ የሥራ ምደባዋን ስትጠብቅ በነበረበት ጊዜ ታናሹን ልጅ በየጧቱ ወደ ትምህርት ቤት ትወስደው ነበር። በመጀመሪያ ከሦስት እርምጃ በኋላ ይከተላት ነበር፤ እርስዋም አላስገደደችውም። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቀን ሲሮጥ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ፤ አያቱም በደጃፍ ተቀምጠው ሳሉ አልፏቸው ወደ እናቱ ገባ። አማቴ ያን ጊዜ ፈገግ ብለው «አሁን ተመረቀች» አሉ። እኔም እውነተኛው ምረቃ በቤታችን የሆነው በዚያ ቀን እንደ ሆነ አስተዋልሁ።

5. ለተመረቀው ሰው የሚሆን ቃል

የተመረቅህ ወንድሜ ሆይ፥ የተመረቅሽም እኅቴ ሆይ፥ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ጌታችን ከፈወሳቸው ከአሥሩ ለምጻሞች ሊያመሰግን የተመለሰው አንዱ ብቻ እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። ዘጠኙ ክፉ ሰዎች ነበሩ አልተባለም፤ ምናልባት ቸኵለው ይሆናል። የሚመረቅ ሰውም ይቸኵላል፤ ሥራ፥ ምደባ፥ አዲስ ወዳጅ ይጠብቀዋልና። ስለዚህ አስቀድማችሁ ተመለሱ፤ በቤት የቀረውን ሰው እጅ ይዛችሁ አመስግኑ።

በተለይም የትዳር ጓደኛህ ብዙ ያልተማረች ብትሆን በአዲሶቹ ባልንጀሮችህ ፊት አትፈርባት። ወርቅዋን ሸጣ ያስተማረችህን ሴት፥ ዛሬ ንግግርዋ የገጠር ነው ብለህ ከኋላህ ብታስቀምጣት፥ የተማርኸው ነገር ምንድር ነው? በፊትህ አስቀምጣትና «ያስተማረችኝ ይህች ናት» በል። ይህን በሰው ፊት መናገር ከካባው ይልቅ ያስጌጥሃል። አንቺም እኅቴ፥ ባልሽ ሲያሙት ችሎ ልጆችሽን አጥቦ እንደ ሆነ በዘመዶችሽ ፊት አክብሪው፤ በሐሜት የወጋውን ቍስል የሚያድነው የአንቺ ምስክርነት ነው።

6. ፈተናው ባይሳካ

በመጨረሻ ስለ ሌላ ቀን ልንገርህ። የትዳር ጓደኛህ ብዙ ዓመት ተምሮ ፈተናውን ሳያልፍ የሚቀርበት ቀን ሊመጣ ይችላል። የመውጫ ፈተና በመጀመሪያ በተሰጠበት ዓመት ብዙዎች ሳያልፉ ቀርተዋል፤ ነገር ግን ደግሞ ለመፈተን በሩ አልተዘጋባቸውም። በዚያ ቀን ውጤቱን ከስልኩ ካነበበ በኋላ አስቀድሞ የሚያየው የአንተን ፊት ነው። ፊትህ ቢጨልም ሁለት ጊዜ ይወድቃል፤ ፊትህ ቢያጽናናው ግን ነገ መጽሐፉን እንደ ገና ይከፍታል።

ስለዚህ ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት በልብህ ቍረጥ። «ብታልፍም ባታልፍም ማታ በአንድ መሶብ እንበላለን» በለው፤ እንዳልኸውም አድርግ። ለድካሙ የሚገባውን ክብር ለውጤቱ ብቻ ያስቀመጠ ሰው፥ የትዳር ጓደኛውን ሳይሆን የምስክር ወረቀቱን አግብቶ እንደ ነበረ በዚያ ቀን ይታወቃል።

7. ራስህን ጠይቅ

ይህን ካነበብህ በኋላ ጥቂት ዝም በልና እነዚህን ነገሮች መርምር፤ የትዳር ጓደኛህም ከአጠገብህ ቢሆን በአንድነት ተነጋገሩበት።

ለምረቃው ቀን ያሰብሁት ነገር የተመረቀውን ደስ የሚያሰኝ ነው? ወይስ ሌሎች እንዲያዩልኝ የምፈልገው ነው?

የድግሱ ወጪ ከየት ይመጣል? ከስድስት ወር በኋላስ በማን ላይ ይከብዳል?

በዚህ ትምህርት ምክንያት የደከሙት እነማን ናቸው? ከእነርሱ መካከል እስከ ዛሬ ስሙን ያልጠራሁት ማን ነው?

በእነዚህ ዓመታት በቤታችን የተጐዳ ነገር ምንድር ነው? ልጅ ነው? ወዳጅነት ነው? ወይስ የአንዳችን ጤና? ከድግሱ በኋላ እርሱን ለመጠገን ምን ያህል ጊዜ መደብን?

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ምረቃ በትምህርት ቤት አዳራሽ ይጀምራል፤ የሚፈጸመው ግን በቤት ነው። መምህራን የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ፤ ሽማግሌና አያት የምርቃት ቃል ይሰጣሉ፤ አንተ ደግሞ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ድርሻ ትሰጣለህ። በቤትህ የሚመረቅ ሰው ካለ እግዚአብሔር ቀኑን የሰላም ያድርግልህ፤ የተማረውም ሆነ ጓዝ የጠበቀው በአንድ ማዕድ ይገናኙ፤ ስሙ ሳይጠራ የሚቀር አንድ ስንኳ አይኑር። አሜን።